ቀይን «ደም መሳይ» የሚል ቋንቋ፦ ስለ ካሩክ የሚያውቅ አለ?

የአዌቱ ማዶ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው።

ለሴሚናር የማዘጋጀው አጭር ጽሑፍ አለኝ። ስለ አማርኛና ኦሮምኛ ቅጽሎች ነው፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ክፉ፣ ደግ ስለሚሉት። መምህራችን ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ሩቅ ቋንቋ ጨምሩበት አለን። እኔ ካሩክን መረጥኩ። ሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ፣ ክላማዝ የሚባል ወንዝ ዳር የሚኖር የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው። ለምን እሱን? እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ስላለኝ።

አሁን ግን ተቀርቅሬያለሁ። «ቀይ» ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት «አኽኩኒሽ» ነው። «አኽ» ደም ነው። «ኩኒሽ» ደግሞ «የሚመስል»። ጥቁርም ያው ነው፤ «ኢክኻራም» ሌሊት፣ «ኢክኻራምኩኒሽ» ሌሊት መሳይ፣ ማለትም ጥቁር። እና ይሄ ሕዝብ ቀለምን በስሙ አይጠራም? ሁሉን ነገር በሌላ ነገር እያመሳሰለ ነው የሚገልጸው? የክፍል ጓደኛዬ «ቋንቋው ደሃ ስለሆነ ነው፣ አለቀ» ብሎ ደመደመ። አልተዋጠልኝም፤ የምመልስለት ግን አጣሁ።

ሌላው፣ ኩኒሽ ቃል ነው ወይስ ቅጥያ? አንድ ቦታ ብቻውን ቆሞ አየሁት፣ ሌላ ቦታ ተለጥፎ። የሚያውቅ ይርዳኝ።

(ወደ ፊደላችን የገለበጥኩት እንደ መሰለኝ ነው። የነሱ ጽሕፈት ረጅምና አጭር አናባቢ ይለያል፣ ምልክትም አለው።)

ቃል ለቃሚ፦

ወንድሜ፣ ጓደኛህን «ሰማያዊ» ከየት መጣ ብለህ ጠይቀው። ከሰማይ ነው እንጂ ከየት ይመጣል። ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን። ወይን ጠጅስ? ያው ጠጁ ነው። ይሄን ሁሉ ተሸክመን እኛ ሀብታም እነሱ ደሃ የሚሆኑበት ሒሳብ አይገባኝም። ልዩነቱ፣ እኛ ለቀይ፣ ለጥቁርና ለነጭ የቆዩ ሥሮች ስላሉን ማመሳሰሉን የምንጀምረው ከእነሱ ወዲያ ነው። ካሩክ ከቀይ ይጀምራል።

ደግሞ ሰማያዊ ሸሚዝ ስትገዛ ቀና ብለህ ሰማይ አታይም። ቃሉ አንዴ ከለመደ ምሳሌው ውስጡ ይተኛል። አኽኩኒሽንም እንደዚያ አስበው፤ ደም የነካው ማለት አይደለም፣ ቀይ ነው።

ኩኒሽን በተመለከተ፣ ሁለቱም ነው። ብቻውን ሲቆም «ዓይነት»፣ «የሚመስል ነገር»፣ «እንደ ማለት» የሚል ለስላሳ ቃል ነው። ተናጋሪው ነገሩን ቁርጥ አድርጎ መናገር ሳይፈልግ ሲቀር ጣል ያደርገዋል። ስም ላይ ሲለጠፍ የስሙን መልክ ወስዶ ቅጽል ይሆናል።

እንግዲህ እኔን የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ኩኒሽን «መሳይ» ብሎ ይተረጉመዋል። ለእኔ «ቢጤ» ነው የሚቀርበው። ቢጤ በራሱ ስም ነው፣ እኩያ ማለት፤ «ቢጤውን አገኘ» እንላለን። «የኔ ቢጤ»ም እንደ እኔ ያለ ሰው ማለት ነበር፤ ዛሬ ለምኖ አዳሪ ሆኖ ቀርቷል። ከስም ኋላ ሲመጣ ደግሞ ይለሰልሳል። «ሽማግሌ ቢጤ ሰውዬ ጠይቆህ ነበር።» «ጎጆ ቢጤ ቀለስኩ።» «ሸሚዙ አረንጓዴ ቢጤ ነው።» ማመሳሰልም ማለዘብም ባንድ ቃል። አንተ ሁለት ቦታ ያየኸው ኩኒሽም ይሄንኑ ነው የሚሠራው።

ሰማያዊ ጠመኔ፦

ቃል ለቃሚ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ቡናማንና ሰማያዊን ባንድ ጆንያ አትክተታቸው። «-ማ» ዋና ሥራው ማመሳሰል አይደለም። ተራራማ አገር ተራራ የሚመስል አገር አይደለም፣ ተራራ የበዛበት ነው። ድንጋያማ፣ ፍሬያማ፣ ሁሉም «ያለው» ነው የሚለው። ቀለም ላይ ሲደርስ ብቻ ነው «የሚመስል» ወደሚለው የተንሸራተተው። ካሩክ ግን መመሳሰልን ከመጀመሪያውም በስሙ ጠርቶ ነው የተነሳው። ሴሚናር ላይ ይሄን ሳትለይ ከገባህ አንድ ጠያቂ ይበቃሃል።

የአዌቱ ማዶ፣ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ኦሮምኛ ደግሞ ያደግኩበት ነው። ስለዚህ የራስህን ጓዳ መጀመሪያ ፈትሽ። አማርኛ ለመመሳሰል ስንት መንገድ እንዳለው ቁጭ ብለህ ጻፍ። «እንደ» አለ። «መሰለ» አለ። መጠን ሲሆን «አከለ» አለ፤ ልጁ አባቱን አከለ። ደግሞ ምንም የማመሳሰያ ቃል ሳይኖር «ቁርጥ እናቷን» እንላለን፤ እዚህ ውስጥ «እንደ» የት አለ? የሰው መልክ ላይ ስንደርስማ አይጣል ነው፤ ጠይም አሣ መሳይ፣ የቀይ ዳማ... ዳማ የፈረስ ቀለም ነው እኮ፣ ለሙሽራ ምስጋና ሆኖ አረፈው። ኦሮምኛው «አከ ዺጋ» ይልልሃል፣ እንደ ደም፤ ወይም «ዺጋ ፈካታ»፣ ደም ይመስላል። ግን ለቀይ ራሱን የቻለ «ዲማ» አለው፣ ያውም በጾታ የሚለይ፤ ወንዱ ዲማ፣ ሴቷ ዲምቱ።

ከካሩክ ቀለሞች እኔን የሚማርከኝ ሌላው ነው። «ሱኪንኩኒሽ» የሚል አለ። (የመጀመሪያዋ ድምፅ ምላስ በጥርስ መሃል ወጣ ብሎ የሚነገረው ነው፤ ፊደል ስለሌለን በሱ ጻፍኳት።) ሱኪን ሐሞት ነው። ሐሞት መሳይ ማለት አረንጓዴም ቢጫም ነው። በግ ሲታረድ አይቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ሳለ አረንጓዴ ነው፣ እጅህ ላይ ሲፈስ ቢጫ። ባንድ ነገር ሁለቱን ቀለም መያዝ ጥበብ ነው፣ ድህነት አይደለም። የኛ ሰው ሐሞትን ለወኔ ወሰደው፤ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንል ማን ስለ ቀለም ያስባል?

ለጓደኛህ ደግሞ ይሄን ንገረው። በርሊንና ኬይ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1969 ብዙ ቋንቋ አነጻጽረው፣ ቋንቋዎች መሠረታዊ የቀለም ስሞችን የሚያወጡት በዘፈቀደ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው አሉ። ጥቁርና ነጭ ይቀድማሉ፣ ቀይ ይከተላል፣ ከዚያ አረንጓዴ ወይም ቢጫ። ሰማያዊ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የኛም «ሰማያዊ» እንዲህ ከስም የተወለደ መሆኑ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ብዙ ክርክር የተነሳበት ሐሳብ ነው፤ እንደ ወንጌል አትያዘው። አንደኛው ክርክር ደግሞ አንተን የሚነካ ነው፤ ከዕቃ ስም የተወሰደ ቃል «መሠረታዊ» ይባላል ወይ የሚል። በዚያ መስፈርት ካሩክ ቀይ የለውም ሊባል ነው! እንዲህ ዓይነት መስፈርት ይቅርብኝ።

አባ ጀንፈል፦

ቋንቋ አላጠናሁም፤ የቡና ሰው ነኝ፣ ጎማ ወረዳ። ግን እዚህ ያነበብኩት ነገር ሥራዬ ላይ በየዓመቱ የሚያጣላን ነው።

ለቃሚ ስትቀጥር «ቀዩን ልቀሙ» ብትል አይበቃም። ለአንዱ ቀይ የሚጀምረው ፍሬው ጉንጩ ላይ ብቻ ሲቀላ ነው፤ ከሥሩ ገና ቢጫ ነው፣ ጫን ብትለው አይፈለቀቅም። ሌላው ጠቁሮ ዛፉ ላይ መድረቅ የጀመረውንም ቀይ ነው ይልሃል። ስለዚህ እኛ የምንለው «ደም የመሰለውን» ነው። ያኔ ሁሉም ይገባዋል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም። ይሄ ፍሬ በሁለት ጣት ስትይዘው ሾልኮ ይወጣል፣ ውስጡ ያለው ጣፋጭ ውሃ ጣትህ ላይ ይጣበቃል። «ቀላ ያለውን» ካልክ ግን አለቀልህ። ቀላ ያለ ማለት ገና ያልቀላ ነው። ወላሂ በዚች በአንዲት ቃል ስንት ኩንታል ጥሬ ፍሬ ተለቅሟል።

እና ልጆቹን እኔ አልፈርድባቸውም። ካሩኮቹ ከመነሻው «ደም መሳይ» ማለታቸው እንደውም ጨዋታውን አሳጥረውታል።

ቃል ለቃሚ፦

አባ ጀንፈል፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ቅድም የዘለልኩት ነገር ይሄ ነው፣ ተመልከቱት።

መመሳሰል ሁለት ፊት አለው። «ድንጋይ ቢጤ» ስል ድንጋይ ለመሆን ትንሽ ጎድሎታል እያልኩ ነው። «ድንጋይ የመሰለ ዳቦ» ስል ግን ጥንካሬውን አጋንኜ ነው፤ ጥርስህን ጠብቅ ነው የምለው። ሁለቱም መመሳሰል ነው። አንደኛው ያለዝባል፣ ሁለተኛው ያጠነክራል። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ስለ ማንነት ነው፣ ነገሩ ያ ነው ወይስ አይደለም የሚል። ሁለተኛው ስለ ጠባይ ነው፤ ዳቦው ድንጋይ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከድንጋይ የወሰድነው ጥንካሬውን ብቻ ነው፣ እና ከድንጋይ የበለጠ ምን ይጠነክራል?

አሁን ወደ ካሩክ እንመለስ። ኩኒሽ ብቻውን ሲቆም የመጀመሪያው ፊት ነው፣ ማለዘቢያ። ደም ላይ ሲለጠፍ ሁለተኛው ነው። ከደም የተወሰደው አንድ ጠባይ ነው፣ ቅላቱ፤ ደም ደግሞ የቀይ ቁንጮ ነው። ለዚህ ነው «አኽኩኒሽ» ቀላ ያለ ሳይሆን ቀይ የሚሆነው። እኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል አዘጋጀን፤ ቢጤ ለአንዱ፣ የመሰለ ለሌላው። እነሱ በአንድ ጨረሱት፤ የሚለየው አቀማመጡ ነው።

የአዌቱ ማዶ፣ ጽሑፍህን እዚህ ላይ ብታቆመው ይበቃሃል። ስለ ድህነትና ሀብት የሚለውን ተወው።

የአዌቱ ማዶ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች! ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጥኩት ይሄ ይበልጣል። አባ ጀንፈል፣ የቡናውን ምሳሌ ብጠቀመው ይፈቅዱልኛል?

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሁሉም ገላጭ ቃል በኩኒሽ ነው እንዴ የሚሠራው? «ጥሩ»ና «ትልቅ»ስ? ሁለተኛ፣ በአማርኛ «ቤቱ ትልቅ ነው» ስንል «ነው» አለች። እነሱ ጋ ይቺን አጣኋት።

ሰማያዊ ጠመኔ፦

አይደለም። ኩኒሽ በአብዛኛው ቀለም አካባቢ ነው የምታገኘው። «ጥሩ» ያቭ ነው፣ «ትልቅ» ኬች። ምንም ነገር አይመስሉም፣ ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ናቸው። ለጓደኛህ ይሄንንም ንገረው።

«ነው»ን አትፈልጋት። ስሙንና ገላጩን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃቸዋል፤ «ሰውዬው ጥሩ» እንደ ማለት፣ አለቀ፣ ዓረፍተ ነገር ነው። ግስ ሲሆን ግን ሌላ ዓለም ነው። አድራጊውን ግሱ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡታል፤ «ኒ-» እኔ፣ «ኡ-» እሱ ወይም እሷ። እኛም «እ-»ና «ይ-» እያልን ስለምንጀምር ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። ዝምድና ግን የለንም! አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ቶሎ ብሎ ከሳባ ጋር ሊያያይዘው ይሮጣል፤ አንተ እንዳትሮጥ።

ዝምድና ካነሳን፣ ካሩክ የቅርብ ዘመድ የለውም። ሆካን ከሚባል ሰፊ ቡድን ጋር ሊያያይዙት የሞከሩ አሉ፣ ግን አልተረጋገጠም። ደስ የሚለው ጎረቤቶቹ ናቸው። ከወንዙ በታች ዩሮክ አለ፣ በጎን ሁፓ። ሦስቱ ሕዝቦች አንድ ዓይነት ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይጋባሉ፣ በዓላቸው ይመሳሰላል፤ ቋንቋቸው ግን ሦስት የማይዛመድ ቤተሰብ ነው። የጅማ ልጅ ይሄን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። ኦሮምኛው ኩሽ፣ አማርኛው ሴም፣ ከፊቾውና የምኛው ኦሞ። ሐሙስ ገበያ ቁመህ ማዳመጥ ነው።

ቃል ለቃሚ፦

በ«ያቭ» ላይ አንድ ጣፋጭ ነገር አለ። ሲያቆላምጡት «ያማች» ይሆናል። ያቭ ጥሩ፣ ያማች ቆንጆ፣ የምታምር። መጨረሻ ላይ «-አች» ወይም «-ኢች» ይጨምራሉ፣ ማሳነሻና ማቆላመጫ ነው፤ መሃል ያለው ድምፅም አብሮ ይለወጣል፣ ቨ ወደ መ ሄደ። እኛ ቆንጆን «ቆንጅዬ» ስንል መጨረሻውን አለስልሰን ጆ-ን ጅ እንደምናደርገው።

ይቺ «-ኢች» አንድ ታሪክ አላት። ዊልያም ብራይት የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በ1949 ገና ተማሪ ሳለ ወንዙ ዳር ሄዶ ሽማግሌዎችን ቃል በቃል መጠየቅ ጀመረ። ሰዎቹ ስም አወጡለት፤ «ኡህያናፓታንቫኒች»፣ ትንሹ ቃል ጠያቂ። መጨረሻዋን አያችኋት? ሰዋስው መጽሐፉን በ1957 አሳተመ፤ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ በ2005 ከሱዛን ጌር ጋር ወጣ፣ እሷ ራሷ ካሩክ ናት። አንተም ስትፈልግ የነበረው ከዚያ የወጣውን ሳይሆን አይቀርም።

አባ ጀንፈል፦

የአዌቱ ማዶ፣ ምን ፈቃድ አለው፣ ውሰደው። ስሜን ግን አትጻፍ፤ ለቃሚዎቹ ካነበቡት «ቀላ ያለ» እያሉ መሳቂያ ያደርጉኛል።

እስቲ አንድ ልጠይቅ። ለአዲስ ነገርስ እንዴት ያደርጋሉ? እኛ ጋ አቮካዶ ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ።

ቃል ለቃሚ፦

አንዳንዱን እንደኛ ከነስሙ ይወስዱታል፤ ፖምን «አፑስ» ይሉታል፣ ከእንግሊዝኛው ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን «ፔር» ለሚባለው ፍሬ ያወጡት ስም ነው። ካሩክ በፐና በበ መሃል ልዩነት የለውም፣ ያለው ፐ ብቻ ነው። ስለዚህ እንግሊዞቹ ለፍሬው የሚሉት «ፔር» እና ለድብ የሚሉት «ቤር» ለጆሯቸው አንድ ሆነ። ድብን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ «ቪሩሱር» ነው የሚሉት። እና ፍሬውንም ቪሩሱር አሉት። ድብ! ማንም ሰው ከመልኩ ተነስቶ ሊገምተው ቢሞክር፣ ቅርጹ ነው፣ ከታች ሰፋ ስለሚል ነው እያለ ሲፈላሰፍ ይውላል። መልክ የለበትም፤ የተመሳሰለው ድምፁ ነው።

የአዌቱ ማዶ፦

ይሄማ የጽሑፌ መግቢያ ነው!

ሰማያዊ ጠመኔ፦

መግቢያ አታድርገው። ሰው ከሳቀ በኋላ ስለ ኩኒሽ የምትለውን አይሰማህም። ከቀለሙ ጀምር፣ ሦስቱን ቃላት ደርድር፤ ደም፣ ሌሊት፣ ሐሞት። ቀጥሎ ቢጤና የመሰለን አምጣና የአባ ጀንፈልን ፍሬ አስከትል። ድቡን ጥያቄና መልስ ላይ ያዘው፤ አንዱ «ታዲያ ሁሉ ነገራቸው በመልክ ነው?» ማለቱ አይቀርም። አናባቢዎቹን ደግሞ ረጅምና አጭር ለይተህ ጻፍ፤ አኽ ላይ ያለው አ ረጅም ነው። ረቂቁን ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው፣ እርማቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ አለኝ።

አባ ጀንፈል፦

ቀይ ነው ወይስ ቀላ ያለ?